ቡና ብለን ስንፈልግ ደብዳቤ ለምን ይመጣል

"ልጄ፣ እኔ የቡና ፍሬ በሽታ ነው ያልኩት፣ እሱ የሻይ ቡና ወጪ ደብዳቤ ነው ሚያመጣልኝ!" አሉኝ እትዬ ስልኩን ገና ሳነሳው፣ እሱ ያሉት የሰራሁላቸውን የወረቀት መፈለጊያ ፕሮግራም ነው፣ እና እትዬ ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት አደርክ፣ እናትህ ደህና ናት ሳይሉ ወደ ነገር ሚገቡ ሰው አይደሉም፣ ስለዚ ነገሩ እንዳበሳጫቸው ወዲያው ገባኝ።

እትዬ እዚህ ጅማ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የመዝገብ ቤት ኃላፊ ናቸው። ከፈረንጅ አራዳ ብዙም አይርቅም። ፋይል ሲጠየቁ ቁጥሩን ሳያዩ መደርደሪያው ጋ ቀጥ ብለው ሚሄዱ ሴትዮ ናቸው፣ ግን ጡረታቸው እየቀረበ ነው፣ እና እሳቸው ከወጡ በኋላ ያንን ሁሉ ወረቀት ማን ያገኘዋል በሚል ስጋት ነው ወረቀቱ በሙሉ ስካን ተደርጎ መፈለጊያ ፕሮግራም እንድሰራ የተጠራሁት። ስራውን ስጀምር ቀላል መስሎኝ ነበር፣ ሉሲን አለ፣ ጃቫ አውቃለሁ፣ በቃ ኢንዴክስ፣ ማለትም የትኛው ቃል የትኛው ወረቀት ላይ እንዳለ ሚይዝ ማውጫ፣ ሰርቼ መፈለግ ነው ብዬ። ሉሲንን ለማታውቁት፣ ደግ ካቲንግ የሚባል ሰውዬ በጃቫ የጻፈው ፅሁፍ መፈለጊያ ላይብረሪ፣ ማለትም ሌላ ፕሮግራም ውስጥ ሚከተት ዝግጁ ኮድ ነው፣ ስሙ የሚስቱ ሁለተኛ ስም ነው፣ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አፓቼ የሚባለው የሶፍትዌር ድርጅት ጋ ነው ያለው፣ ሶልርና ኢላስቲክሰርች የሚባሉት መፈለጊያ ሰርቨሮችም ውስጣቸው እሱ ነው። እኔ ሰርቨር የሚባል ነገር ስለሌለኝ፣ ያለው አንድ 4 ጊጋ ራም ያለው ዴስክቶፕ ስለሆነ፣ ላይብረሪውን እንዳለ ፕሮግራሜ ውስጥ ነው የከተትኩት።

ወረቀቱ ሁለት አይነት ነው። አንዱ የጥናትና የመስክ ሪፖርት ነው፣ አብዛኛው ስለ ቡና። ጅማ ስለሆነ ይሄ አይገርምም፣ ከከተማው ወጣ ብሎ መልኮ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል ለዓመታት ቡና ላይ ሲሰራ ነው የኖረው፣ የቡና ፍሬ በሽታ በ1971 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ውስጥ ከታየ በኋላ በሽታውን ሚቋቋሙ ዛፎች ተመርጠው የወጡት 74110፣ 74112 ምናምን ሚባሉት ዝርያዎች ስማቸው ራሱ ቁጥር ነው፣ 74ቱ በ1974 እ.ኤ.አ. የተመረጡ መሆናቸውን ነው ሚናገረው። ዛሬም ገበሬው ችግኝ ሲጠይቅ በቁጥሩ ነው ሚጠይቀው። ሁለተኛው ደሞ ደብዳቤ ነው። ገቢ ደብዳቤ፣ ወጪ ደብዳቤ፣ የውስጥ ማስታወሻ፣ የፈቃድ፣ የዝውውር፣ የአበል፣ ሁሉም።

እና ሁለቱን ለየብቻ ኢንዴክስ ነው የሰራሁላቸው። አንድ ላይ ለምን አላረግከውም ብላችሁ ምትጠይቁኝ ብዙ ናችሁ፣ እኔም ራሴን ጠይቄያለሁ፣ ግን ምክንያት አለው። ሪፖርቱ አንዴ ከገባ በኋላ አይነካም፣ ደብዳቤው ግን በየቀኑ ይጨመርበታል። ከዛ ደሞ ደብዳቤ ሁሉም ሰው ሚያየው አይደለም፣ የሰው የግል ጉዳይ አለበት፣ ሪፖርት ብቻ ማየት የተፈቀደለት ሰው ሲገባ የደብዳቤው ኢንዴክስ ጭራሽ ባይከፈት ነው ሚሻለው። በዛ ላይ እኛ ጋ መብራት ይጠፋል፣ እና አንዱን እያደስኩ እያለ ቢጠፋ ሌላው እንዳይነካብኝ እፈልጋለሁ።

አሁን ወደ ስህተቱ ልምጣ። መጀመሪያ ያረግኩት፣ ለእያንዳንዱ ኢንዴክስ የየራሱ ኢንዴክስሰርቸር፣ ማለትም ፈላጊ፣ ከፍቼ፣ ጥያቄውን ለሁለቱም ልኬ፣ የመጡትን ሁለት ሊስቶች አንድ ላይ ቀላቅዬ በስኮር፣ ማለትም ፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ ዶክመንት በሰጠው ነጥብ፣ ሶርት ማድረግ ነበር። ኮዱ አጭር ነው፣ ያምራል፣ ይሰራል። ቶፕዶክስን፣ ማለትም የውጤት ሊስቶቹን፣ ማዋሃጃ ሜተድ ራሱ ሉሲን ውስጥ አለ፣ ስለዚ ትክክል ነው ብዬ አምኜዋለሁ። ችግሩ የአንዱ ኢንዴክስ ስኮርና የሌላው ኢንዴክስ ስኮር አንድ መለኪያ አይደሉም። ሄርማታ ገበያ ወርዳችሁ አንዱ ነጋዴ በትልቅ ጣሳ ሌላው በትንሽ ጣሳ እየሰፈረ፣ አምስት ጣሳ ያለውንና ስምንት ጣሳ ያለውን በቁጥር ብቻ እንደማወዳደር ማለት ነው፣ ስምንት ይበልጣል ብላችሁ ተሸክማችሁ ትሄዳላችሁ እንጂ ቤት ስትደርሱ እህሉ ያንሳል።

ጣሳው ለምን ተለያየ? ሉሲን ከ6.0 ጀምሮ ስኮር ሚሰጠው ቢኤም25 በሚባል ቀመር ነው፣ እና ቀመሩ ውስጥ ትልቁ ጉዳይ የቃሉ ብርቅነት ነው። ብዙ ዶክመንት ውስጥ ያለ ቃል ዋጋው ይወርዳል፣ ጥቂት ውስጥ ያለ ቃል ዋጋው ይጨምራል። ሀሳቡን ካረን ስፓርክ ጆንስ ናት በ1972 እ.ኤ.አ. ያመጣችው፣ እና እውነት ነው ትክክለኛ ሀሳብ ነው፣ ሁሉም ወረቀት ላይ ያለ ቃል ምንም አይነግርህም። ግን ብርቅ የት ውስጥ? በቁጥር ላሳያችሁ፣ ለማስላት እንዲመቸን ክብ ቁጥር እንያዝ። ሪፖርቱ 9,000 ነው እንበል፣ ከዛ ውስጥ 8,200ው ላይ ቡና የሚል አለ። ደብዳቤው 21,000 ነው እንበል፣ ቡና የሚለው ያለው 60ው ላይ ብቻ ነው። ቀመሩን ስታሰሉት፣ ሪፖርቱ ኢንዴክስ ውስጥ ቡና የሚለው ቃል ክብደቱ 0.09 ነው፣ ምንም ማለት ይቻላል። ደብዳቤው ኢንዴክስ ውስጥ ግን 5.85 ነው። አንድ ቃል፣ አንድ ቀመር፣ ከስልሳ እጥፍ በላይ ልዩነት!

ስለዚ እትዬ "የቡና ፍሬ በሽታ" ብለው ሲፈልጉ፣ ሦስቱም ቃል ያለበት፣ ርእሱ ራሱ እሱ የሆነ ሪፖርት አንድ ነጥብ እንኳን በቅጡ ሳያገኝ፣ "ለእንግዶች መስተንግዶ የሻይ ቡና ወጪ እንዲፈቀድልን" የሚል የግማሽ ገጽ ማስታወሻ ሦስት ምናምን ነጥብ ይዞ ቁጭ ይላል ከላይ። አጭር ስለሆነም ይጠቀማል፣ ቢኤም25 የዶክመንቱን ርዝመት ከአማካዩ ጋ ያወዳድራል። በጣም ሚያስፈራው ነገር ደሞ ኤረር የለም። ፕሮግራሙ አይወድቅም፣ ቀይ ፅሁፍ አይወጣም፣ ሊስት ይመጣል፣ ሊስቱ ግን ልክ አይደለም። እትዬ ባይሆኑ ሌላ ሰው ቢሆን "የለም ማለት ነው" ብሎ ትቶት ነበር ሚሄደው፣ እሳቸው ግን ሪፖርቱ የትኛው መደርደሪያ ላይ እንደነበረ በዓይናቸው ስለሚያውቁት ነው የደወሉት። ይሄ ነገር እስካሁን ያሳስበኛል፣ የማያውቅ ሰው እንዴት ያውቃል?

መፍትሄው መልቲሪደር ነው። ሁለቱን ዳይሬክተሪሪደር፣ ማለትም የየኢንዴክሱን ማንበቢያ፣ ከፍታችሁ አንድ መልቲሪደር ውስጥ ትከቷቸዋላችሁ፣ ከዛ በላዩ ላይ አንድ ኢንዴክስሰርቸር ብቻ። ፋይሎቹ ዲስክ ላይ ለየብቻቸው ናቸው፣ ሰርቸሩ ግን እንደ አንድ ትልቅ ኢንዴክስ ነው ሚያያቸው፣ ቃሉ ስንት ዶክመንት ላይ አለ ብሎ ሲቆጥር ከሁለቱም ደምሮ ነው። ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጉ መልቲሰርቸር የሚል አሮጌ ምሳሌ ይመጣባችኋል፣ እሱን ተዉት፣ 3.1 ላይ አትጠቀሙበት ተብሎ 4.0 ላይ ጭራሽ ወጥቷል። በነገራችን ላይ ኢላስቲክሰርች ሚጠቀም ሰውም ከዚህ ነገር ነፃ አይደለም፣ በነባሪው እያንዳንዱ ሻርድ፣ ማለትም ኢንዴክሱ የተከፋፈለበት ቁራጭ፣ በራሱ ቁጥር ነው ስኮር ሚሰጠው፣ ዳታው ሲበዛና እኩል ሲበተን አይታወቅም እንጂ ትንሽ ዳታ ላይ ይታያል፣ ለሱም መጀመሪያ ከሁሉም ሻርድ ቁጥር ሰብስቦ የሚፈልግ የተለየ ሰርች ታይፕ አላቸው።

እኔም መልቲሪደሩን ሰራሁ፣ ደስ ብሎኝ ለእትዬ ደወልኩ፣ "እትዬ አሁን ይሞክሩት" አልኳቸው፣ ሞከሩት። ዝም አሉ። "ልጄ፣ ያው ነው እኮ።"

ያን ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ማታ ላፕቶፔን ይዤ ቁጭ ብዬ ኮዱን ከላይ እስከ ታች አየሁት፣ ምንም ስህተት የለበትም። መጨረሻ ላይ ኤክስፕሌይን የሚለውን ሜተድ ጠራሁት፣ ይሄ ሜተድ አንድ ዶክመንት ያንን ስኮር ለምን እንዳገኘ ከነስሌቱ ዘርዝሮ ሚነግር ነው፣ እባካችሁ ከመገመት በፊት እሱን ጥሩ። እዛ ዝርዝር ውስጥ ጠቅላላ ቁጥሩ ጋ "ይህ ፊልድ ያላቸው ዶክመንቶች ብዛት" የሚል አለ። ፊልድ ያላቸው! ፊልድ ማለት ዶክመንቱ ኢንዴክስ ሲደረግ ፅሁፉ ሚገባበት ስም ያለው ክፍል ነው። እዛ ጋ 30,000 መሆን ሲገባው ሁለቱን ለየብቻ ነው ያስቀመጠልኝ። ለካ እኔ ሪፖርቱን ኢንዴክስ ሳደርግ ፊልዱን "የሪፖርት ይዘት" ብዬዋለሁ፣ ደብዳቤውን ደሞ "የደብዳቤ ይዘት"። ሉሲን ሚቆጥረው በፊልድ ነው። ስሙ የተለያየ ፊልድ ለሱ የተለያየ ዓለም ነው፣ መልቲሪደር አንድ ላይ ስላሰራቸው አይቀላቀሉም፣ ስለዚ ሁለቱን ጣሳ አንድ ከረጢት ውስጥ ከተትኩ እንጂ ጣሳዎቹ ያው ሁለት ናቸው።

ሁለቱንም ፊልድ "ይዘት" ብዬ፣ ዶክመንቱ የየት እንደሆነ ሚናገር "ምንጭ" የሚል ሌላ ትንሽ ፊልድ ጨምሬ፣ እንደገና ከባዶ ኢንዴክስ ማድረግ ጀመርኩ። መሃል ላይ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተር የለም፣ ዩፒኤሱ ባትሪው ካረጀ ቆይቷል፣ ኮምፒውተሩ ድርግም አለ። ልቤ ወርዶ ነበር ግን ሉሲን እዚህ ላይ ጎበዝ ነው፣ ኮሚት ያልተደረገው፣ ማለትም ዲስክ ላይ ያልጸደቀው፣ ይጠፋል እንጂ ያለፈው ኮሚት እንዳለ ይቀመጣል፣ አዲስ ሴግመንት፣ ማለትም የኢንዴክስ ቁራጭ፣ ይጽፋል እንጂ አሮጌውን ፋይል ከፍቶ አይነካካውም። መብራት ሲመጣ ካቆመበት ቀጠልኩ። ከዛ ወዲህ በየ500 ዶክመንቱ ኮሚት አደርጋለሁ፣ ትንሽ ያዘገያል፣ ግን እዚህ ሀገር ለምንሰራ ሰዎች ያዋጣል።

ሲያልቅ ቁጥሮቹን አየኋቸው። ቡና አሁን ከ30,000 ውስጥ 8,260 ላይ ያለ ቃል ሆነ፣ ክብደቱ 1.29፣ ለሁለቱም እኩል። በሽታ የሚለው ደሞ ሪፖርቱ ለብቻው በነበረ ጊዜ ተራ ቃል ስለነበር 0.82 ነበር ክብደቱ፣ አሁን ከጠቅላላው 4,000 ላይ ብቻ ስላለ 2.01 ሆነ። አያችሁ፣ ለሚፈልገው ሰው ቁም ነገሩ ያለው በሽታ የሚለው ላይ ነው እኮ፣ አሁን ሰርቸሩም እንደዛ አሰበ። የሻይ ቡናው ደብዳቤ አራተኛው ገጽ ላይ ወረደ።

ግን ሁለት ኢንዴክስ ስታዋህዱ ሌላም ሚወጣ ጉድ አለ፣ ፊደል። የሪፖርቱን ኢንዴክስ መጀመሪያ የሰራሁት ፊደላችንን አንድ ሳላደርግ ነበር፣ የደብዳቤውን ከወራት በኋላ ስሰራ ግን ሠ ን ወደ ሰ፣ ሐ ና ኀ ን ወደ ሀ፣ ዐ ን ወደ አ፣ ፀ ን ወደ ጸ ሚቀይር ቻር ፊልተር ጨምሬበታለሁ። ስለዚ ሠራተኛ ብላችሁ ስትፈልጉ ጥያቄው ወደ ሰራተኛ ይቀየርና ደብዳቤዎቹ ይመጣሉ፣ ድሮ በታይፕ "ሠራተኛ" ተብሎ የተፃፈው ሪፖርት ግን አይመጣም፣ እሱ ኢንዴክሱ ውስጥ ያለው በንጉሡ ሠ ነዋ። አናላይዘሩ፣ ማለትም ፅሁፉን ወደ ሚፈለጉ ቃላት ሚቀይረው ክፍል፣ የሁሉም ኢንዴክስ አንድ መሆን አለበት፣ መፈለጊያውም ላይ ያው። አሁን አናላይዘሩን አንድ ክላስ ውስጥ አድርጌ ሁሉም ከዛ ነው ሚወስደው፣ ሌላ ቦታ መፍጠር አይቻልም። መቀየሪያውን ማፒንግ ቻር ፊልተር በሚባለው ብትሰሩት ጥሩው ነገር፣ ዋናው ፅሁፍ ላይ ያለው ቦታ ስለሚጠበቅ ቃሉን በቢጫ ስታደምቁ እንደተፃፈው ሆኖ ነው ሚታየው፣ ፀሐይ ብሎ የፃፈ ሰው ጸሀይ ተብሎ አይመለስለትም። ሰባቱንም ቤት መሙላት አትርሱ፣ ሃ ና ሓ ና ኃ ንም ጭምር።

ቅድመ ቅጥያው ደሞ ሌላ ራስ ምታት ነው። የቡና፣ ለቡና፣ ከቡና፣ በቡና፣ ሁሉም ለኮምፒውተሩ የተለያየ ቃል ነው። መጀመሪያ የ፣ ለ፣ ከ፣ በ ካለ ቁረጠው አልኩት፣ በሽታ "ሽታ" ሆነ፣ ከተማ "ተማ" ሆነ። በሽታ ነው እኮ ዋናው ምንፈልገው ቃል! አሁን ምሰራው፣ ሙሉ ቃሉ ሁልጊዜ እንዳለ ይገባል፣ ከተቆረጠ በኋላ ሚቀረው ቃል የቃላት ዝርዝሬ ውስጥ ካለ ብቻ እሱም እዛው ቦታ ላይ ተደርቦ ይገባል፣ "ሽታ"ን የመሰሉትን ደሞ በእጄ ለይቻቸዋለሁ። ፍፁም አይደለም፣ ግን ይሰራል።

ሌሎች ነገሮች በአጭሩ፣ እኔን ያዘገዩኝ እናንተን እንዳያዘገዩ። መልቲሪደር ላይ የዶክመንት ቁጥሩ የተዋሃደው ቁጥር ነው፣ ሪፖርቱ 9,000 ከሆነ የደብዳቤው ቁጥር 150 እዚህ 9,150 ሆኖ ነው ሚመጣው፣ ያንን ቁጥር ይዛችሁ የደብዳቤውን ሪደር ብትጠይቁት ሌላ ሰው ደብዳቤ ይከፍትላችኋል፣ ስለዚ ሁልጊዜ ቁጥሩን የሰጣችሁን ሰርቸር ራሱን ጠይቁት። ሪደር እንደ ፎቶ ነው፣ ከተከፈተ በኋላ የገባ ደብዳቤ አይታየውም፣ እያንዳንዱን ዳይሬክተሪሪደር ተቀይሯል ወይ ብላችሁ ጠይቃችሁ፣ ካልተቀየረ ናል፣ ማለትም ባዶ፣ ነው ሚመልሰው፣ ከተቀየረ በአዲሱ ሌላ መልቲሪደር መስራት ነው፣ ሰርቸር ማደሻው ሰርቸርማናጀር ሚቀበለው ዳይሬክተሪሪደር ስለሆነ ለመልቲሪደር እንዳለ አይሆንላችሁም። እና መልቲሪደሩን ስትዘጉት በነባሪው ውስጡ ያሉትንም አብሮ ይዘጋቸዋል፣ እኔ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ እንደ ፈቃዱ የተለያየ መልቲሪደር ስለምሰራ አንዱ ሲወጣ የሌላው ፍለጋ ይቋረጥ ነበር፣ ሲሰራ ፎልስ የሚል ሁለተኛ ፓራሜተር ብትሰጡት አይዘጋቸውም።

አሁን ሦስተኛ ኢንዴክስ እየጨመርኩ ነው፣ የአፋን ኦሮሞውን። የመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ አብዛኛው አሁን በቁቤ ነው ሚፃፈው፣ ይሄንን ከመጀመሪያው ነበር ማሰብ የነበረብኝ። ቡና በሁለቱም ቋንቋ ቃሉ አንድ ነው ማለት ይቻላል፣ ፊደሉ ነው ሚለየው፣ ግን እዚህ ጋ ፊልዱን ሆን ብዬ ለይቼዋለሁ፣ አናላይዘሩ የተለየ ስለሆነና የሁለት ቋንቋ ቃል አንድ ላይ መቁጠር ትርጉም ስለሌለው። ስለዚ የጣሳው ጉዳይ እዚህ ተመልሶ ይመጣል፣ አውቀዋለሁ፣ ለዛ የመረጥኩት የየቋንቋውን ውጤት ቀላቅሎ መደርደር ሳይሆን ጎን ለጎን በሁለት ረድፍ ማሳየት ነው። ሁዻው፣ ማለትም በቁቤ ቃል መሃል ሚገባው ትንሿ ጭረት፣ ደሞ አለ፣ አንዳንዱ ቀጥ ያለውን ጭረት አንዳንዱ ዎርድ የሚያጎብጠውን ይፅፋል፣ ለዓይን አንድ ነው ለኮምፒውተር ሁለት፣ እሱንም እንደ ሠ ና ሰ በቻር ፊልተር አንድ አደረግኩት።

ባለፈው ሐሙስ ራሴ ሄጄ ነበር፣ ዝናብ ስለነበር እዛው መዝገብ ቤት ቆየሁ፣ እትዬም ቡና አፈሉ። "ልጄ እስቲ አንዷን ልሞክራት" ብለው መነፅራቸውን አርገው በአንድ ጣታቸው 74110 ብለው ፃፉ። አንደኛ የመጣው ስለ ዝርያው የተፃፈ የመስክ ሪፖርት ነው። ሁለተኛውም ሪፖርት። ሦስተኛው ደብዳቤ ነበር፣ እኔ እንደገና ተበላሸ ብዬ ደንግጬ ጎንበስ ስል እሳቸው ቀድመውኝ ከፈቱት፣ "ከዚህ ደብዳቤ ጋር አባሪ አድርገን የላክነውን የመስክ ሪፖርት" ይላል፣ ቀኑም ከመጀመሪያው ሪፖርት ጋ አንድ ነው። ሪፖርቱ ማን እንደላከው ሳይታወቅ ለብቻው ነበር የተቀመጠው፣ ሸኚ ደብዳቤው ደሞ ሌላ ክፍል ውስጥ፣ ገቢ ደብዳቤ መደርደሪያ ላይ። እትዬ ምንም አላሉም፣ ተነስተው ሁለቱንም ከየመደርደሪያቸው አውጥተው አቧራቸውን ጠረጉና በክላሰር አንድ ላይ አሰሯቸው።